ሦስተኛዋ የውሸት ዓሣ እንዳትጠፋብኝ

የክለባችን ሕግ አጭር ነው። በሙከራ ወቅቱ ሦስት ሉር ሐይቁ ውስጥ ያስቀረ ሰው ከጀልባ ይወርዳል። ከወረደ በኋላ ዳር ቆሞ ማጥመድ ይችላል፤ ወደ ጀልባ ልመለስ ካለ ግን ወረፋውን ከጅራቱ ይጀምራል። እኔ ያቺን ወረፋ አራት ዓመት ጠብቄ ነው ጀልባ ላይ የወጣሁት። ገና ኖቬምበር ሳያልቅ ደግሞ ሁለት ሉር አስቀርቼ ነበር።

ሉር የምላችሁ የውሸት ዓሣውን ነው። ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ ይሠራል፣ ዓይን ይሳልለታል፣ ሆዱ ሥር መንጠቆ ይንጠለጠልለታል። ጀልባ እየቀዘፍን ከኋላ በረጅም ክር ስንጎትተው እንደ ቆሰለ ዓሣ ይወራጫል፤ ፓይክ የሚባለው አዳኝ ዓሣ ደግሞ ምሳዬ መጣልኝ ብሎ ይዘልበታል። ፓይክ ክንድ የሚያህል፣ አፉ እንደ ዳክዬ የረዘመ፣ ጥርስ ሲታደል ሁለቴ የተሰለፈ ፍጥረት ነው። ይዘን፣ መንጠቆውን ነቅለን፣ መልሰን እንለቀዋለን። ይኼን ለሐበሻ ማስረዳት ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። «ለፍተሽ ይዘሽ ስታበቂ ለምን ትለቂዋለሽ?» ያላለኝ ሰው የለም። «ሌላ ቀን እንድይዘው» እላለሁ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ሕጉ ከክፋት የመጣ አይደለም። ክር በጥሶ መንጠቆ አፉ ውስጥ ይዞ የሄደ ፓይክ መብላት አቅቶት ይሞታል። ሣር ላይ ተሰክቶ የቀረ መንጠቆም የውሃ ወፎችን እግር ይይዛል። ስለዚህ በሕጉ አላኮርፍም ነበር፤ ፈራሁት እንጂ።

ክላፋም ውስጥ አንድ ላውንደሪ አለ፣ እኔ ከኋላው ክፍል ልብስ አሳጥራለሁ፣ አጠብባለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። ስፌት ማንም አላስተማረኝም፤ የራሴን ቀሚስ አበላሽቼ አበላሽቼ ነው የተማርኩት። አሥር ዓመት አንገቴን ደፍቼ ስሰፋ ከርሜ አንድ ቀን ቀና ማለት አቃተኝ። ጂፒዬ፣ የሠፈሬ ሐኪም፣ መድኃኒት ይሰጠኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ከቤት ውጪ፤ ሩቅ የሆነ ነገር እያየሽ ዋዪ» አለኝ። ለታላቅ ወንድሜ ስነግረው ሳቀ። እሱ ሁልጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ጫፍ፣ ድሮ ጠጠር ሲወጣበት ከነበረ ሐይቅ ዳር ያጠምዳል። «ነይ በቃ፣ ሌላ ቢቀር ሻዬን ትይዢልኛለሽ» አለኝ። ሻዩን ይዤ ሄድኩ። እዚያ ቆሜ አንዲት ሴትዮ መሃል ላይ ስትቀዝፍ አየኋት፤ ስትሄድ ፊቷ ወደ እኔ ነው፣ ጀርባዋ ወደምትሄድበት። ከኋላዋ ዘንጓ ተተክሎ ጫፉ ቀስ እያለ ይንቀጠቀጣል። የዚያኑ ቀን ለጀልባ አፕላይ አደረግኩ።

ወንድሜ አላደረገም። እኛ ዝዋይ ነው ያደግነው፤ ልጅ ሆኖ ጉማሬ ከጀልባ ሥር ሲነሳ ስላየ፣ ከዚያ ወዲህ ውሃን ከዳር ሆኖ ነው የሚያከብረው። «ጋሼ፣ ለንደን ጉማሬ የለም» ስለው፣ «ማን ቼክ አደረገ?» ይላል።

እንግዲህ ያ ጉማሬ ፈሪ ወንድሜ ነው አማካሪዬ የሆነው። «ትልቅ ዓሣ ታች ነው ያለው» ይለኛል። ዝዋይ አምባዛ ሲያጠምድ ማጥመጃውን ከጭቃው ላይ ነበር የሚያስቀምጠው። ሁለት የሚያማምሩ ሉሮች ሰጠኝ፣ አንዱ ብርማ፣ አንዱ አረንጓዴ። ሁለቱም ከአፋቸው ሥር እንደ ማንኪያ የሰፋ፣ ወደ ፊት የተዘረጋ የፕላስቲክ ምላስ ነበራቸው። ሉሩ ሲጎተት ውሃው ያቺን ምላስ ይገፋትና አፍንጫውን ወደ ታች ይደፍቀዋል። ምላሱ ረዥም በሆነ ቁጥር ጠልቆ ይሄዳል።

የእኛ ሐይቅ ግን ጥልቀት የለውም። አብዛኛው ቦታ ሰው ቢቆምበት አገጩ ድረስ ቢደርስ ነው። ከሥሩ ደግሞ ሣሩ ወደ ላይ አድጎ አድጎ፣ ከሣሩ ጫፍ እስከ ውሃው ፊት የሚተርፈው ከክንድ ብዙም አይበልጥም። ብርማው በመጀመሪያው ቀን ሣር ውስጥ ገብቶ ቀረ። አረንጓዴው በሁለተኛው ሳምንት። ስስበው ክሩ ጧ አለ።

የሙከራ ሰው ብቻውን አይወጣም። የጀልባዎቹ ኃላፊ፣ ባለ ሹራብ ኮፍያ እንግሊዛዊ ሽማግሌ፣ ከጀልባዋ ኋላ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር። መቆሚያው ላይ ስንደርስ መዝገቡን አወጣና ብዕሩን ለእኔ ሰጠኝ። በራሴ እጅ «የጠፋ ሉር፦ አንድ» ብዬ ጻፍኩ።

«ይኼ ሁለተኛሽ ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ጥሩ ትቀዝፊያለሽ። ባጣሽ አዝናለሁ።» ከዚያ ከረሜላ ሰጠኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ክረምት ጀልባ አልነካሁም። በሥራ ላይ ስልኬን ከስፌት መኪናው አጠገብ አቁሜ ቪዲዮ እያየሁ ነው የከረምኩት። ከሁሉ የጠቀሙኝ ከአትላንቲክ ማዶ ያሉት የመስኪ አጥማጆች ናቸው። መስኪ የፓይክ የአጎት ልጅ ነው፣ ግን ግዙፍ፤ እነሱም ለእሱ የማይሆኑት የለም። ሞተር ጀልባ እየነዱ ክንድ ክንድ የሚያህል ሉር ይጎትታሉ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ ምላስ ሲያወራ የአንዲት ሙሽራ ሚዜዎችን አራት ቀሚስ ጨረስኩ። ከእሱ የገባኝ ይኼ ነው፦ ፓይክም መስኪም ዓይናቸው ወደ ላይ ነው የሚያየው። ሣር ውስጥ ተኝተው ከላያቸው የሚያልፈውን ይጠብቃሉ። ስለዚህ ታች የሚሄድ ሉር ሣር ከመያዙም በላይ ከዓይናቸው ውጪ ነው። የምፈልገው ከሣሩ በላይ የሚያልፍ ነው፤ ምላሱ አጭር የሆነ፣ ያቺም ምላስ ወደ ፊት ከመዘርጋት ይልቅ ቀጥ ብላ ወደ ታች የቆመች፣ ሰውነቱ ከቀላል እንጨት የሆነ።

ክርም አለ። ክር በለቀቅሽ ቁጥር ሉሩ ጠልቆ ይሄዳል። ለካ ወንድሜ «ልቀቂ፣ ልቀቂ» ባለኝ ቁጥር ሉሩን ወደ ሣሩ ውስጥ ስልከው ነው የኖርኩት! ግን ደግሞ ብዙ ማሳጠርም አይቻልም፤ ውሃው ጥልቀት ስለሌለው ዓሣው የጀልባዋን ጥላ አይቶ ይሸሻል። እንግዲህ ራቅ ብሎ የሚከተል፣ ግን የማይሰምጥ ሉር መምረጥ አለብኝ ማለት ነው። ሱሪ እንደማሳጠር ነው፣ ጫማውን መንካት አለበት፣ መሬቱን መንካት የለበትም።

ከየቦታው ሰባት ሉር ሰበሰብኩ። አንዷን ኪልበርን ውስጥ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ፣ ከማንኪያና ከሹካ ቅርጫት ውስጥ ነው ያገኘኋት። ቀለሟ ተልጦ ቡናማና ቢጫ ሆናለች። ወንድሜ አገላብጦ አያት።

«ይቺ እኮ የተቀቀለ ድንች ነው የምትመስለው።»

«ድንች ይሰምጣል ጋሼ። ይቺ ትንሳፈፋለች።»

«ፓይኩ ድንች ይወዳል ብለው ነገሩሽ?»

ሰባቱንም መሞከር ነበረብኝ፤ ሐይቁ ላይ ግን ብሞክር ሦስተኛው ሊቀር ይችላል። ስለዚህ መንጠቆዎቹን ሁሉ ፈታሁና አንድ እሑድ ጠዋት ከቸርች በፊት ክላፋም ሜዳ ላይ ወዳለው ኩሬ ሄድኩ። ዘንጌን ይዤ በዳሩ እየተራመድኩ አንድ በአንድ እጎትታቸዋለሁ። ዳሩ ጭቃ ስለሆነ ጠልቆ የሚሄደው ጭቃ ያስነሳል፣ ከላይ የሚሄደው አያስነሳም። ከእያንዳንዱ በኋላ ቆሜ በደብተር እጽፋለሁ። ለቸርች ስለለበስኩ ነጠላዬም ትከሻዬ ላይ ነበር።

ከቸርቻችን መዘምራን አንዷ በአውቶቡስ ስታልፍ አየችኝ። የውሸት ዓሣ በገመድ ይዤ ኩሬ ዙሪያ ስዞር፣ ከራሴ ጋር ሳወራ! (አዎ፣ አወራ ነበር፤ «ጎበዝ፣ ቀና በይ፣ እንደሱ» እያልኩ።) ቸርች ውስጥ ጠበቅ አድርጋ አቀፈችኝ። ማክሰኞ ማታ የቤቴ ደወል ጮኸ። እሷ ናት፣ ከኋላዋ ደግሞ የቤት ጸሎት ቡድናችን ታላቅ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው አሮጊት፣ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ወጥተው ያለከልካሉ። ድስት ይዘዋል።

«ምነው እማማ፣ በሰላም ነው?»

«በሰላም ነው ልጄ። ልንጸልይልሽ ነው።» ተቀመጡ። እጄን ያዙ። «ብቸኝነት ከባድ ነው። እኔም እዚህ አገር ስመጣ ከግድግዳ ጋር ነበር የማወራው። የሚያሳፍር ነገር የለውም።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ የዘማሪዋ ዓይን ጥግ ላይ ወደ ቆመው ዘንግ ሲሄድ ገባኝ። ሳቄ መጣ፤ እየሳቅኩ ማስረዳት ስጀምር ደግሞ ይበልጥ ደነገጡ። «ሳቁን ተዪው፣ ተዪው የኔ ልጅ» ይላሉ እማማ፣ እያሻሹ ጀርባዬን።

ምን ላድርግ? ባኞውን ሞላሁና ሁለቱንም ጠራኋቸው። እማማን ባኞው ጠርዝ ላይ ትራስ አንጥፌ አስቀመጥኳቸው፣ ዘማሪዋ ተንበረከከች፣ እኔ ሰባቱን ሉሮች ደርድሬ ከዚህ ጫፍ ወደዚያ ጫፍ ሳብኩ። ስለ ሣሩ፣ ስለ ሕጉ፣ ስለ ሁለቱ የጠፉት ሁሉ ነገርኳቸው።

«እና ይኼኛው ከቀረ በቃ? ጀልባው የለም?» አለች ዘማሪዋ።

«የለም።»

«ኧረ እንደገና ሳቢያት ታዲያ፣ በደንብ ልያት!»

ባኞ አጭር ስለሆነ ጥልቀት ብዙ አያሳይም፤ አፍንጫቸው ግን ወዴት እንደሚደፋ ያሳያል። ሦስቱን ወዲያው ጣልናቸው። ከቀሩት ዘማሪዋ ቀይዋን ወደደች፣ ጭራዋ ይጨፍራል ብላ። እማማ ግን ድንቿን ነበር የሚያዩት።

«እስቲ ይቺን ሳቢና ድንገት አቁሚ።»

አቆምኩ። ድንቿ ቀስ ብላ ወደ ላይ ተነሳች።

«አየሻት? ወደ ኋላ እያፈገፈገች ነው የምትወጣው። ቀይዋ ባለችበት ቀጥ ትላለች። ይቺ ጥፋቷን ስታውቅ ወደ ኋላ ትላለች።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ከብዙ ሰው ትሻላለች።»

እኔ እስከዚያ ድረስ ምን ያህል እንደምትሰምጥ ብቻ ነበር የማየው፤ ስትቆም ምን እንደምታደርግ አላየሁም። መንጠቆ ሣር የሚይዘው ወደ ፊት ስትስቢው ነው። ሣር በነካች ቅጽበት መቅዘፍ ባቆምና ክሩን ባላላው፣ ድንቿ ራሷ ወደ ኋላ ብላ ከሣሩ ትወጣለች ማለት ነው። የመስኪው ሰውዬ እንኳ ይኼን አልነገረኝም፤ እሱ በሞተር ነው የሚሄደው፣ መቼ ይቆማል! እማማን ጉንጫቸውን ሳምኳቸው። ጸሎቱም አልቀረም። ባኞው ዳር ቆመን ጸለይን፤ እማማ ስለ እኔ ጤና ጀምረው በድንቿ ጨረሱ።

የሙከራዬ የመጨረሻ ቀን በማርች መጀመሪያ ላይ ዋለ፣ የፓይክ ወቅት ሊዘጋ ሲል። ጠዋቱ ደመና ነው፣ ነፋስ የለም። ከአንድ ቀን በፊት የዘንጌን ክር በእርምጃ ለክቼ፣ ሃያ አምስተኛው እርምጃ ላይ ቀይ የስፌት ክር ቋጥሬበት ነበር፤ ከዚያ በላይ እንዳልለቅ። ኃላፊው ከኋላ ተቀመጠ፣ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ድንቿን ሳስር አያት፣ ቅንድቡን አነሳ።

ወንድሜ ዳር ቆሟል። ገና ከመቆሚያው ሳንርቅ መጮህ ጀመረ።

«አንቺ! ክር ልቀቂ! አሁንም ያቺን ድንች ነው የያዝሽው? እናታችን ትሙት አታሳፍሪኝ!»

«ምንድን ነው የሚለው?» አለ ኃላፊው።

«መልካም ዕድል ይላል።»

«ረዥም መልካም ዕድል ነው» አለኝ።

ሣሩ በበዛበት በደቡቡ ጥግ ቀዘፍኩ። የዘንጉ ጫፍ ይንቀጠቀጣል፣ ልክ እንደ ስፌት መኪና መርፌ፣ እኩል እኩል። ይኼ ድንቿ ደህና ናት ማለት ነው። ድንገት ጫፉ ጎንበስ አለ። ሣር! ልቤ ቀጥ አለ፣ እጄም መቅዘፊያውን ቀጥ አደረገው። ክሩን አላላሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ቆጠርኩ። ቀስ ብዬ ስቀዝፍ ጫፉ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረ። ድንቿ ወደ ኋላ ብላ ወጥታለች። ኃላፊው ከረሜላውን ከአንድ ጉንጩ ወደ ሌላው አዛወረ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ነካች፣ ሁለቱንም ጊዜ ወጣች።

አራተኛው ላይ ጫፉ ጎንበስ አላለም፤ ዘንጉ በሙሉ ነው የታጠፈው።

መቅዘፊያዎቹን ጥዬ ዘንጉን ያዝኩ። ከብዶ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ ሄደ፣ ሄደ፣ ከዚያ ቆመ። ምንም እንቅስቃሴ የለም። ዓሣው ሣር ውስጥ ገብቶ ድንቿን ይዞ ተኝቷል። ክሩ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል።

«ሳቢው!» ይጮሃል ወንድሜ። «ምን ትጠብቂያለሽ፣ ሳቢው እንጂ!»

አረንጓዴውን ስስብ የሰማሁት ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ኃላፊውን አየሁት። «ጀልባው የአንቺ ነው» አለኝና ወደ ሌላ ቦታ ማየት ጀመረ።

አልሳብኩም። ዘንጉን ጉልበቶቼ መሃል አጣብቄ፣ በአንድ እጅ እየቀዘፍኩ በሌላው ክር እየጠቀለልኩ፣ ወደ ዓሣው ሄድኩ። ከጎን ስትስቢው ሣሩን ይዘሽ ነው የምትስቢው፤ ልክ ከላዩ ስትሆኚ ግን በገባበት መንገድ ይወጣል። ክሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ሲወርድ አቆምኩና ጨርቅ ከመርፌ ሥር እንደማንሳት ቀስ ብዬ አነሳሁት። መጀመሪያ አልመጣም። ከዚያ ትንሽ መጣ። ከዚያ ውሃው ውስጥ አረንጓዴ ጭነት ታየኝ፣ ከመሃሉም ሁለት ቢጫ ዓይኖች።

መረቡን አስገባሁና ከነሣሩ አነሳሁት። ከዚያ አፉን ከፍቼ ባይ ድንቿ የለችም!

«የለችም» አልኩ በአማርኛ። ኃላፊው ምን እንዳልኩ አልጠየቀም፤ ፊቴ ነግሮታል። ዓሣው ራሱን ሲያራግፍ ተፍቷታል፤ ታዲያ ወዴት ሄደች? ክሩን በጣቴ ይዤ ተከተልኩት። ክሩ ወደ ሣሩ ጭነት ውስጥ ይገባል። ሱቅ ወለል ላይ የወደቀ መርፌ እንደምፈልግ በጣቶቼ ሣሩን ማበጠር ጀመርኩ፣ አንድ ዘለላ፣ አንድ ዘለላ፣ እጄ እየደነዘዘ። ከመረቡ ጥግ ላይ፣ በጭቃ ተለውሳ፣ አንድ መንጠቆዋ መረቡን ይዞ፣ ቁጭ ብላለች። በረጅሙ ጉጠት ነቅዬ አወጣኋትና መቀመጫው ላይ አኖርኳት። ጎኗ ላይ አዲስ የጥርስ ምልክት አለ።

ፓይኩን በሁለት እጄ ይዤ ውሃው ውስጥ አቆምኩት። ጥቂት ተነፈሰ። ከዚያ በጭራው ፊቴ ላይ ውሃ ረጭቶብኝ ሄደ። ያኔ እልልታዬ አመለጠኝ፤ ሐይቁ ላይ የነበሩት ዳክዬዎች በሙሉ ተነሱ። ወንድሜ ከዳር ሆኖ በፉጨት መለሰልኝ።

መቆሚያው ላይ ስንደርስ ኃላፊው መዝገቡን ሰጠኝ። «ዓሣ፦ አንድ» ብዬ ጻፍኩ። «የጠፋ ሉር» የሚለው ጋ ስደርስ ብዕሩ ትንሽ ቆመብኝ፤ ከዚያ ትልቅ ዜሮ አደረግኩበት፣ ከመስመሩ ያለፈ። እሱ ከሥሩ ፈረመና ተነስቶ ወረደ። እኔም ልወርድ ስነሳ እጁን ዘረጋ፣ ደግፎ ሊያወርደኝ መስሎኝ ነበር፤ ወደ ኋላ ነው የገፋኝ።

«ወዴት? እስከ ማታ ያንቺ ነው። እኔ ከዚህ በኋላ አላስፈልግሽም።»

ወንድሜ ሮጦ ደረሰ። ጀልባዋን አየ፣ ውሃውን አየ፣ አንድ እግሩን አነሳና መልሶ አስቀመጠ።

«እኔስ?»

«አፕላይ አድርግ ጋሼ። ወረፋው አራት ዓመት ብቻ ነው።»

«ነገረኛ!» አለኝ እየሳቀ፣ ዓይኑን እየጠረገ። «ሂጂ እንግዲህ! ሂጂ!» በጫማው ጫፍ ጀልባዋን ከመቆሚያው ገፋት።

ፊት ለፊቴ ማንም ሳይቀመጥ ስቀዝፍ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ጀልባዋ የሽማግሌው ክብደት ስለቀረላት ከልማዷ ፈጥናለች፤ የዘንጉም ጫፍ ንቅናቄው በረታ። ፍጥነት ሲጨምር ድንቿ ጠልቃ እንደምትሄድ አሁን አውቃለሁ። አምስት እርምጃ ያህል ክር ጠቀለልኩና ጀልባዋን ወደ ደቡቡ ጥግ መለስኳት።